ለሰላይ የታጨችው ልጅ

(በአንድ የወጣቶች የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል)

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። አልሰማሁም! የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! አሜን። እንዲህ ነው።

አዘጋጆቹ ደውለው «እትዬ፣ ስለ መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለድ ይናገሩልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። በእኛ ጊዜ የፍቅር መጽሐፍ ትራስ ሥር ነበር የሚደበቀው። ላዩ ላይ የመዝሙር ደብተር ይደረግበታል። ዛሬ ለዚያው ጉዳይ ማይክ ተሰጠኝ። ጊዜው ተለውጧል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ እነዚህን መጻሕፍት እወዳለሁ። በተለይ ያረጀ ዘመን፣ ጦርነት፣ አንድ ሰላይና አንዲት የምትጸልይ ልጅ ያሉበትን። ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ። ታዲያ መንገዱን ታውቁታላችሁ አይደል? ሰውየው መልከ መልካም ነው። ምስጢር አለው። ልጅቷ ትጠረጥረዋለች። መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አንድ ወረቀት ታገኛለች። ትፈታዋለች። ከዚያ አብራው ትሰልላለች። በመጨረሻው ገጽ ሠርግ! ስንቶቻችሁ እንዲህ ያለ አንብባችኋል? እጅ አውጡ። ወንዶችም አውጡ፣ አትፈሩ።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን የተፈጠረ ታሪክ አይደለም። የሆነ ነው። ሰላይ አለበት፣ ምስጢር አለበት፣ ፍቅር አለበት፣ እምነት አለበት። ልጅቷ ግን ምስጢሩን አልፈታችውም። አብራውም አልሰለለችም። እኔን ይህ ታሪክ የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። ያልተነገራትን ነገር ይዛ እንዴት ወደደች? እንዴት ጠበቀች? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ፍቅሩን፣ ሁለተኛ ስለላውን፣ ሦስተኛ መጠበቁን። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

አንደኛ፣ ፍቅሩ። ሰውየው ዲትሪሽ ቦንሆፈር ይባላል። ጀርመናዊ ነው። ፓስተር ነው፣ የነገረ መለኮት መምህር ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ከስብከት ላይ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ማሪያ ፎን ቬደማየር ናት። አያቷ የቦንሆፈር ወዳጅና ደጋፊ ነበሩ። ማሪያ ገና ልጅ ሳለች አያቷ «የልጅ ልጆቼን አስተምርልኝ» ብለውት ነበር። እሱ ማሪያን አይቶ «ይቺ ገና ናት» ብሎ ሳይቀበላት ቀረ። እስቲ አስቡት! በልብ ወለድ ብታነቡት «ደራሲው አበዛው» ትሉ ነበር።

በሰኔ 1942 እንደገና በአያቷ ቤት ተገናኙ። ልጅቷ 18 ዓመቷ ነው። እሱ 36። ፊታችሁን አየሁት፣ ገባኝ። እኔም እንደ እናት ሳስበው እቆጣለሁ። እናቷም ዝም አላሉም። የዚያን ዓመት ነሐሴ አባቷ በምሥራቁ ግንባር ሞቱ። በጥቅምት ወንድሟ ሞተ። ሐዘን ላይ ያለች ልጅ ልቧ ይሸበራል፣ ስለዚህ እናትየዋ «አንድ ዓመት አትገናኙ» አሉ። እሺ አሉ፣ ሁለቱም። እናንተ ብትሆኑ እሺ ትሉ ነበር? አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቴሌግራም የለ፣ ዋትስአፕ የለ!

በጥር 1943 ማሪያ ደብዳቤ ጻፈች። እሺ፣ አገባሃለሁ አለችው። መጠበቁ ግን እንዳለ ነው፣ ገና አይገናኙም። ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 5 ቀን 1943፣ ጌስታፖ፣ የሂትለር ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ወላጆቹ ቤት መጥቶ ወሰደው። ማሪያ በዕለቱ አልሰማችም። ነገር ግን በዚያው ቀን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ክፉ ነገር ደርሶ ይሆን ብላ ጽፋለች። ሰውነት ያውቃል ይባል የለ?

ከታጩ በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት የት ይመስላችኋል? መርማሪው ፊት! ሰኔ 24 ቀን። ሳይነግሯት ድንገት ክፍሉ ውስጥ አስገቧት። እሱን ለማስደንገጥ ነው፣ መሣሪያ አደረጓት። እሱ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቀን ማውራት ጀመረ። የልቡን ያወቀችው እጇን በያዘበት አያያዝ ብቻ ነው። በኋላ ራሷ የተናገረችው ነው ይህ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ለብቻቸው አልሆኑም። ዘብ ሁልጊዜ አጠገባቸው ነው። እንግዲህ የእጮኝነታቸው ዘመን በሙሉ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለላው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥያቄው የእናንተም ነው። ክርስቲያን ሰላይ ይሆናል? ክርስቲያን ይዋሻል?

ቦንሆፈር በ1939 አሜሪካ ነበር። ወዳጆቹ ከጦርነቱ እንዲያመልጥ ኒውዮርክ ወስደውት ነው። አንድ ወር ሳይሞላው ተመለሰ። ከሕዝቤ ጋር መከራውን ካልተካፈልሁ፣ በኋላ የአገሬን ቤተ ክርስቲያን ለማነጽ መብት አይኖረኝም አለ። ይህን ስትሰሙ የእኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ትዝ አላሏችሁም? የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ከአምልኮ ሲወጡ ተወሰዱ። አጽማቸው የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ወደ አስር ዓመት ገደማ ታስረዋል። ብዙ ጸሐፊዎች ጉዲናን «የአፍሪካው ቦንሆፈር» ይሏቸዋል። እኔ ይህ ስያሜ ሁልጊዜ አይዋጥልኝም። ጉዲና ጉዲና ናቸው። ግን መንገዱ አንድ ነው፣ ይህን አልክድም።

ወደ ነገሬ። የቦንሆፈር የእህቱ ባል ሃንስ ፎን ዶናኒ የጀርመን ጦር የስለላ ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። አብቬር ይሉታል። አለቃው አድሚራል ካናሪስ ነው። ነገሩ የሚገርመው፣ ይሄ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሂትለርን ለመጣል የሚያሴሩ ሰዎች ነበሩ። ቦንሆፈርን በ1940 አስገቡት። ሽፋኑ «ይህ ፓስተር ውጭ አገር ወዳጆች አሉት፣ መረጃ ያመጣልናል» የሚል ነበር። በተግባር የሚያወጣው እንጂ የሚያመጣው አልነበረም። በግንቦት መጨረሻ 1942 ስዊድን ሄዶ እንግሊዛዊውን ጳጳስ ጆርጅ ቤልን አገኘ። የሴረኞቹን ስም ነገረው። ቤል ለንደን ሄዶ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለኢደን አቀረበ። እንግሊዝ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

እና ልብ በሉ፣ ከማሪያ ጋር አያቷ ቤት የተቀመጠው ከዚህ ጉዞ በተመለሰ በቀናት ውስጥ ነው! አስቡት። አንድ ሰው ከነፍስ የሚያስከፍል ምስጢር ይዞ መጥቶ፣ ሻይ እየጠጣ፣ የ18 ዓመት ልጅ «ምን ላጥና?» እያለች ስታማክረው። ማሪያ ሒሳብ ማጥናት ትፈልግ ነበር። እሱ ስለ ሒሳብ አወራ።

አልነገራትም። ሥራውን በዝርዝር አልነገራትም። ልጆቼ፣ ይህ አለመተማመን ነው? እኔ አይመስለኝም። ያላወቀችውን በምርመራ ሊያወጡባት አይችሉም።

ዋሽቷል ወይ? አዎ፣ ዋሽቷል። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሰኔ 1940 ከወዳጁ ጋር አንድ የምግብ ቤት ደጅ ተቀምጠዋል። ፈረንሳይ እጅ ሰጠች ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ወጥቶ እጁን እየዘረጋ ዘፈነ። ቦንሆፈርም ተነሥቶ እጁን ዘረጋ! ወዳጁ ደርቆ ቀረ። ቦንሆፈር ዘወር ብሎ «አብደሃል? እጅህን አንሣ» አለው። በኋላ ምክንያቱን ነገረው። ብዙ ነገር ላይ ሕይወታችንን ልናስይዝ ነው፣ ለዚች ሰላምታ ግን አንሞትም።

እስር ቤት ሆኖ ስለ እውነት አንድ ጽሑፍ ጀምሮ ነበር። በውስጡ አንድ ምሳሌ አለ። አስተማሪ በክፍል ፊት አንድን ልጅ «አባትህ ሰክሮ ይመጣል፣ እውነት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ነገሩ እውነት ነው። ልጁ ግን «አይደለም» ይላል። ቦንሆፈር ምን አለ? አስተማሪው ይህን የመጠየቅ መብት የለውም። የልጁ ውሸት ውስጥ ከአስተማሪው ጥያቄ የበለጠ እውነት አለ አለ። እዚህ ያላችሁ አስተማሪዎች አትቀየሙኝ። እኔም አስተማሪ ነበርኩ። ይህን ባነበብኩ ቀን ስንቱን ልጅ እንዲህ አድርጌ እንደጠየቅሁ አሰብኩና እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ረዓብንስ ረሳችኋት? ኢያሱ ምዕራፍ 2። ሁለት ሰላዮች ቤቷ ገቡ። ጣራ ላይ አውጥታ በተልባ እግር ሸፈነቻቸው። የንጉሡ ሰዎች ሲመጡ «ወጥተዋል፣ ተከተሏቸው» አለች። ከዚያ መስኮቷ ላይ ቀይ ፈትል አሰረች። ይህች ሴት በማቴዎስ ወንጌል የጌታ የዘር ሐረግ ውስጥ አለች። ከእስራኤላዊው ከሰልሞን ቦዔዝን ወለደች። ሰልሞን ከሁለቱ ሰላዮች አንዱ ነበር የሚሉ አሉ። መጽሐፉ አይልም። ግን ደስ ይላል፣ አይደል? (ሳቅ) የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ነኝ ብያችኋለሁ።

ቦንሆፈርና ዶናኒ የተያዙት እንዴት መሰላችሁ? በመልካም ሥራቸው ነው። 14 ሰዎችን፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ፣ «የእኛ ሰላዮች ናቸው» ብለው ወደ ስዊዘርላንድ አሻገሩ። እዚያ የሚኖሩበት ገንዘብ መላክ ነበረበት። መርማሪዎቹ የገንዘቡን ዱካ ተከትለው ደረሱባቸው።

ከዚያ ቴጌል እስር ቤት፣ በርሊን። ቤተሰቡ መጽሐፍ ያስገባለታል። መጽሐፉ ላይ ስሙ ከሥሩ ከተሰመረበት፣ ውስጡ መልእክት አለ ማለት ነው። ከኋላ ጀምሮ፣ በየጥቂት ገጹ አንድ ፊደል ሥር ደብዘዝ ያለች የእርሳስ ነጥብ። ነጥቦቹን ሰብስቦ ያነባል። በምርመራ ላይ ዶናኒና እሱ ቃላቸው እንዳይጋጭ የተስማሙት እንዲህ ነው። ደብዳቤ ሲጽፍም ሳንሱር እንደሚያነበው ያውቃል፤ አንዳንዱን የሚጽፈው ሳንሱሩ እንዲያነበው ብሎ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ይሄ ይገባናል።

አሁን ከመንገዴ ልወጣ ነው። ፍቀዱልኝ።

በ1970 ዓ.ም.፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እኔ የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እህቴን እታለም እላት ነበር። ታጭታ ነበር። እጮኛዋ መምህር ነው፣ ጋሼ ነበር የምንለው። የጸሎት ቡድን ነበራቸው፣ በየቤቱ ተራ እየጠበቁ በሹክሹክታ የሚዘምሩ። አንድ ሌሊት ወሰዱት። ክሱን የነገረን ሰው የለም። እታለም ምሳ ትሠራለች፣ እኔ አደርሳለሁ። ልጅ ስለሆንኩ ዘቦቹ ብዙም አያዩኝም። ምሳ ዕቃው በነጭ ፎጣ ይጠቀለላል። ከሰዓት ባዶው ይመለስልኛል። ከዕለታት አንድ ቀን እታለም ፎጣውን ይዛ አለቀሰች። ጥጉ ላይ ቋጠሮ ነበረው። እሷ አልቋጠረችውም። እሱ ነው። አንድ ቋጠሮ፣ ደህና ነኝ። በዚያ ቀን ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ቋንቋ ተፈጠረ። ሁለት ቋጠሮ አሞኛል። ሦስት ሲሆን ምን እንደነበር እታለም አልነገረችኝም። ስጠይቃት ፊቷ ይቀላ ነበር። በቃ፣ ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ስለዚህ ስለ እርሳሷ ነጥብ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ይቅርታ። ሦስተኛው፣ መጠበቁ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ቶሎ ቶሎ እላለሁ።

ማሪያ ጠበቀች ስል ቁጭ ብላ አለቀሰች ማለቴ አይደለም። መኝታ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ዙሪያ በጠመኔ መስመር አሰመረች። የእሱ እስር ክፍል የሚያህል። ጠረጴዛና ወንበር እሱ ዘንድ አለ ብላ በገመተችበት ቦታ አስቀመጠች። እዚያ ውስጥ ስቀመጥ አብሬህ ያለሁ ይመስለኛል ብላ ጻፈችለት። የሃያ ዓመት ልጅ! እንግዲህ ጾምና ጸሎት የምንል ሰዎች፣ ስለ ታሰረ ሰው ስንጸልይ ክፍሉ ስንት ክንድ እንደሆነ አስበን እናውቃለን?

በ1943 ገና ደግሞ የገና ዛፍ ተሸክማ እስር ቤት ሄደች። ትልቅ ዛፍ! ዘቦቹም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። አልጋዬን አውጥቼ በዓሉን ቆሜ ብውል ይገባል አላት። መጨረሻ ላይ ዛፉ የዘቦቹ ክፍል ገባ። እሱም እዚያ ተጋበዘ። እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ። ቅዱስ ቅዱስ የሚለው ታሪክ መሀል ላይ ግዙፍ ዛፍ ተጋድሞ!

እሱ ደግሞ በነሐሴ 1943 ኤርምያስን ጠቀሰላት። ምዕራፍ 32። ኤርምያስ ታስሯል፣ ከተማዋ ተከብባለች፣ ባቢሎን ልትገባ ነው። በዚህ ሰዓት ዓናቶት ላይ መሬት ገዛ። 17 ሰቅል ብር ከፈለ። ደላላ ቢሆን ይስቅበታል። ምክንያቱም በዚህች ምድር ቤትና እርሻ፣ የወይን ቦታም ገና ይገዛል ተብሎለታል። ቦንሆፈር የእኛም ጋብቻ እንዲህ ነው አላት። ለእግዚአብሔር ምድር «አዎ» ማለት ነው። ከዚህ ዓለም ሸሽቶ ሰማይ ሰማይ ማለት አይደለም። መጋረጃና ትዳር፣ የቤት ዕቃና ልጅ። እምነት እንዲህም መሬት ይነካል።

ሐምሌ 20 ቀን 1944 ሂትለርን ለመግደል የተጠመደው ቦምብ ፈነዳ፣ ሂትለር ግን ተረፈ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠበበ። አንድ ዘብ «ላስመልጥህ፣ አብሬህ እጠፋለሁ» አለው። ልብስ እንኳ ተዘጋጅቶለት ነበር። በዚያው ሰሞን ወንድሙ ክላውስ ተያዘ። እኔ ካመለጥኩ ቤተሰቤን ይበቀላሉ ብሎ ቀረ። በጥቅምት ወደ ጌስታፖ እስር ቤት ተዛወረ። በታኅሣሥ ለማሪያ ግጥም ላከላት፣ በመልካም ኃይሎች ተከበን የሚመጣውን እንጠብቃለን የሚል። ዛሬ ጀርመኖች በዘመን መለወጫ ዋዜማ ይዘምሩታል።

በየካቲት 1945 ከበርሊን ወሰዱት። የት እንደሆነ ለማሪያ የነገራት የለም። ሻንጣ ሙሉ ሙቅ ልብስ ይዛ ተነሣች። አገሩ እየፈራረሰ ነው፣ ባቡሩ ይቆማል ይሄዳል። ፍሎሰንቡርግ የሚባል ካምፕ ደረሰች። የመጨረሻውን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሯ ነው። በር ላይ ጠየቀች። «እዚህ የለም» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ በዚያ ቀን እዚያ አልነበረም። ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን፣ በዚያው በፍሎሰንቡርግ ሰቀሉት። ካናሪስም አብሮት ነበር። ሂትለር ከዚያ በኋላ የኖረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ማሪያ የሰማችው በሰኔ ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ።

ምስጢሩን በዝርዝር ያወቀችው ከዚያ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ሒሳቧን ተማረች። አሜሪካ ሄደች። ኮምፒዩተር መሥሪያ ቤት ገብታ ትልቅ ደረጃ ላይ ደረሰች። አገባች፣ ትዳሩ አልሰመረም። ደግማ አገባች፣ እሱም እንዲሁ። ይህን የምነግራችሁ ለሐሜት አይደለም። የልብ ወለዱ ልጅ ብትሆን ኖሮ ጥቁር ለብሳ እስክትሞት ድረስ ትቀመጥ ነበር። ማሪያ ኖረች። በ1977 በ53 ዓመቷ አረፈች። ከጥቂት ቅንጫቢ በቀር ደብዳቤዎቹን በሕይወቷ ሳለች ለሕዝብ አላወጣችም። በ1992 ያሳተመቻቸው እህቷ ናት።

እህቷ። እኔን እንግዲህ እዚህ ላይ ያዘኝ።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ሄድኩ። ዘቡ ምሳ ዕቃውን አልተቀበለኝም። «ከእንግዲህ አታምጡ» አለኝ። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ ልጅ ነኝ፣ «እሺ» ብዬ ተመለስኩ። ምግቡ እንደሞቀ ነው። እታለም በር ላይ ቆማ ነበር። ከነገርኳት በኋላ ምሳ ዕቃውን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና የትናንቱን ፎጣ ከገመድ ላይ አወረደች። አላጠበችውም ነበር።

እሷም ኖረች። አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች፣ ከባሏ ጋር ተሳስቃ አረጀች። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ልጆቿ ዕቃዋን ሲያካፍሉ «እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ ምንድን ነው? እንጣለው?» አሉኝ።

ይዤው መጥቻለሁ። ይኸው። ጥጉ ላይ አንድ ቋጠሮ አለው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሻይ ስትጠጡ መጥታችሁ እዩት፣ መንካትም ትችላላችሁ። ብቻ እባካችሁ፣ ልጆች ካሉ ጠብቁልኝ፣ እንዳይፈቱት።